ባሌ ተራሮችን በስድስት ቀን፦ ከዲንሾ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ ዝርዝር የጉዞ መመሪያ

ባሌ ድረስ ሄደው ቀይ ቀበሮ ሳያዩ፣ ራስ ምታት ብቻ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ታሪኩ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ይነሣሉ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳሉ፤ በማግሥቱ ጉም ሲጫነው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሳነቴ አምባ ላይ ይደርሳሉ፤ ሁለት ፎቶ አንስተው፣ እያቅለሸለሻቸው ይወርዳሉ። ገንዘቡም ቀኑም ያልቃል፤ ባሌ ግን አልታየም።

ባሌ የሚታየው በሰዓትና በከፍታ ቅደም ተከተል ነው። እንስሳቱ የሚወጡበት ሰዓት አለ፤ ሰውነትም ወደ ከፍታ የሚላመደው ቀስ በቀስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ቀን ቢያጥርብዎ ከመጨረሻው ይቁረጡ እንጂ የመጀመሪያዎቹን አይዝለሉ። አራት ቀን ብቻ ካለዎት ሶፍ ዑመርን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ በሦስተኛው ቀን ከሳነቴ በሐረና ደን እስካለችው ሪራ መንደር ድረስ ወርደው በዚያው ቀን ወደ ሮቤ ይመለሱ። ሁለት ቀን ብቻ ካለዎት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ላይ ይቅሩ፤ ለሳነቴ አይጓጉ።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ወቅቱን ይምረጡ። ለሙሉው ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ቀኑ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ሌሊቱ ግን በሳነቴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ይጀምራል፤ ክረምቱ ደግሞ ጭቃና ጉም ነው። በዝናብ ወቅት ዲንሾንና ሳነቴን ማየት ይቻላል። ሶፍ ዑመር ዋሻን ግን በዝናብ ወቅት ከዕቅድዎ ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ ምክንያቱን በደረጃ 6 ያገኙታል።

መንገዱን ይጠይቁ። ከመነሣትዎ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ከዚያም በዋዜማው እንደገና፣ ዲንሾ ወይም ሮቤ ወደሚያርፉበት ሆቴል ይደውሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በመንገዱ ላይ የጸጥታ ችግር አለ ወይ? ከጎባ ወደ ሪራ ያለው መንገድ ክፍት ነው ወይ? ነዳጅ ይገኛል ወይ? ከሦስቱ ለአንዱ አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ጉዞውን ያራዝሙ። ከወር በፊት የሄደ ሰው የነገረዎትን እንደ ዛሬ መረጃ አይውሰዱት።

መኪናውን ያስፈትሹ። እስከ ሮቤ ያለው መንገድ አስፋልት በመሆኑ ማንኛውም ጤነኛ መኪና ይወጣዋል። ለወይብ ሸለቆና ለሳነቴ ግን በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ፍሬኑን፣ ባትሪውንና የራዲያተሩን ውኃ ጋራዥ ያሳዩ። ስኮርታ ጎማው ነፋስ እንዳለው በእጅዎ ጭነው ያረጋግጡ፤ ክሪክ፣ መጎተቻ ገመድና የባትሪ ማስነሻ ገመድ ይያዙ። ሳነቴ ላይ ጎሚስታ የለም።

መኪና ከሌለዎት በአውቶቡስ ወደ ሮቤ ሲሄዱ ዲንሾ ላይ ይውረዱ። ለሳነቴ ግን ከሮቤ ወይም ከጎባ መኪና ከነሾፌሩ ለቀን ይከራዩ። አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የሕዝብ ማመላለሻ ለእንስሳ ብሎ አይቆምም፤ በእርሱ ተሳፍረው ቀይ ቀበሮ አያለሁ ብለው አያቅዱ። ዋጋውን ስትስማሙ ነዳጁ፣ የሾፌሩ አበልና የሚመለሱበት ሰዓት ተለይተው ይነገሩ።

ገንዘብና ስልክ። ነዳጅ በማደያ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ፣ ሒሳብዎ ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። ለአስጎብኚ፣ ለፈረስ፣ ለማርና ለዋሻው ግን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዘርዝረው ይያዙ። የመጨረሻው አስተማማኝ ባንክ ሮቤና ጎባ ነው። በሳነቴና በሐረና ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ስልክዎ ላይ ይጫኑ።

ልብስ። ጋቢ ለምሽት ጥሩ ነው፤ ለሳነቴ ንፋስ ግን አይበቃም። ደራርበው የሚለብሱት ይያዙ፦ ከውስጥ ቀጭን ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ ይጨምሩ። ከፍታው ላይ ፀሐይ ቆዳን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ባለ ጥላ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት አይርሱ። ለሶፍ ዑመር ደግሞ ቀለል ያለ፣ ክንድንና እግርን የሚሸፍን ልብስ፣ ሊረጥብ የሚችል ጫማ እና ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል።

ምግብ። ዲንሾ ላይ የተሟላ ማዕድ ቤት ይጠብቀኛል ብለው አይሂዱ። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ቴምርና ሻይ ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 3 ሊትር ውኃ ያስቡ።

ጤና። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የያዘች እናት ሐኪም ሳያማክሩ ሳነቴ አይውጡ። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ እንግዳ ካለ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደር። ከባሕር ጠለል አጠገብ የኖረ ሰው በሦስተኛው ቀን 4,000 ሜትር ላይ መውጣቱ አደገኛ ነው፤ ዘመድ ለማስደሰት ብላችሁ አታጣድፉት።

## ደረጃ 2፦ ቀን አንድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ

1. ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሡ። መንገዱ ከነዕረፍቱ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይወስዳል።

2. ከሁለት መንገዶች አንዱን ይምረጡ። አንደኛው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ ነው፤ ሁለተኛው በሻሸመኔና በኮፈሌ። ሁለቱም ዶዶላ ላይ ይገናኛሉ። የሻሸመኔው መንገድ በከተሞቹ መጨናነቅ ስለሚያዘገይ የአሰላውን እመርጣለሁ፤ የስንዴውና የገብሱ ማሳም ድካም ያስረሳል።

3. ምሳ ዶዶላ ላይ ይብሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ዲንሾ ድረስ ደህና ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

4. አዳባን አልፈው ወደ ዲንሾ ሲቃረቡ ፍጥነት ይቀንሱ። መንገዱ በጋይሳይ ሣር ሜዳ ውስጥ ያልፋል፤ ከርከሮና ቦሆር የተባለው አጋዘን መሰል እንስሳ አስፋልቱን ድንገት ያቋርጣሉ።

5. ዲንሾ እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የመግቢያውንና የመኪናውን ክፍያ ይፈጽሙ፤ እዚያው ከአስጎብኚዎቹ ማኅበር አስጎብኚ ይያዙ። ደረሰኙን እስከ ጉዞው ፍጻሜ አይጣሉት፤ ሳነቴ ላይም ጥበቃዎች ሊጠይቁዎ ይችላሉ። የውጭ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያቸውን ይዘው የሚመለከታቸውን ዋጋ ይጠይቁ።

6. ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ጫካ በእግር ይጓዙ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ እዚህ ያሉት ሰው ስለለመዱ አይሸሹም። የምኒልክ ድኩላም በዚሁ ሰዓት ከቁጥቋጦ ይወጣል።

7. እዚያው ዲንሾ ይደሩ። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰውነትዎን ለሳነቴ የሚያዘጋጀው ይህ ሌሊት ነው። እራት ቀለል ያለ ይሁን፤ አልኮል አይጠጡ።

ከዘገዩ፦ ዶዶላ ላይ ሳሉ 11 ሰዓት ከሆነ ዲንሾ ለመድረስ አይጣደፉ። ዶዶላ ወይም አዳባ አድረው ንጋት ላይ ይቀጥሉ። ሲመሽ በመንገዱ ላይ ከብት፣ ፈረስና የዱር እንስሳ ይበዛል።

## ደረጃ 3፦ ቀን ሁለት፣ ጋይሳይና ወይብ ሸለቆ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአስጎብኚዎ ጋር ጋይሳይ ይሁኑ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት የደጋ አጋዘኖች በመንጋ ሆነው ሜዳው ላይ ይሰማራሉ። ነጭና ደማቅ ቀይ ልብስ አይልበሱ፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ነፋሱ ፊትዎን እየመታዎ ይራመዱ። እናት ከግልገሏ ጋር ካገኙ ከመሃላቸው አይግቡ።

ቁርስ ከበሉ በኋላ ወደ ወይብ ሸለቆ ይግቡ። መንገዱ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ትንሽ መኪና የያዘ ሰው በፈረስ ይሂድ፤ ፈረሱን አስጎብኚው ያመቻችልዎታል። ሸለቆው ውስጥ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያለው የድንጋይ መጠለያ በቁፋሮ ተጠንቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል፤ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ከፍታ እሳት አንድደው ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ተረጋግጧል። ቦታው ላይ ድንጋይ አያንሡ፤ ግድግዳውን አይፋቁ።

ቀይ ቀበሮ እዚህም ሊያጋጥም ይችላል። ካጋጠመ ባሉበት ይቁሙ።

ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ከሸለቆው ይውጡና በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ይንዱ። ሮቤ ላይ ሦስት ነገር ይፈጽሙ፦ ታንከሩን ሙሉ ይሙሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያውጡ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ያስለኩ። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከዲንሾ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከሳነቴ በፊት ጥሩ እንቅልፍ የሚገኘው እዚያ ነው።

ነዳጅ ከሌለ፦ ሮቤ ላይ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ጎባን ይሞክሩ። ሁለቱም ከሌላቸው ሳነቴ አይውጡ፤ አንድ ቀን ይጠብቁ ወይም ዲንሾ ተመልሰው ሁለተኛ ዙር በእግር ይጓዙ። ደሎ መና ላይ እሞላለሁ ብሎ መውጣት ቁማር ነው።

## ደረጃ 4፦ ቀን ሦስት፣ ሳነቴ አምባና ቱሉ ዲምቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቀን ይህ ነው። ስለዚህ ሰዓቶቹን በትክክል ይከተሉ።

1. ንጋት 11፡30 ከጎባ ይነሡ። ቁርስ ቀላል ይሁን፤ ውኃ ግን አብዝተው ይጠጡ። መንገዱ በጥድና በኮሶ ደን ይጀምርና ወደ አስታ ቁጥቋጦ ይወጣል፤ ከዚያ ድንገት ሰፊው አምባ ይከፈታል። በዝቅተኛ ማርሽ ይውጡ፤ በስስ አየር ምክንያት የሞተሩ ጉልበት ሲቀንስ አይደንግጡ።

2. አምባው ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ይድረሱ። ከአሁን ጀምሮ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፉ። ግዙፍ ፍልፈል፣ ጥንቸልና ቀይ ቀበሮ መንገዱን ያቋርጣሉ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት እዚህ ባሌ ነው። በፍጥነት የሚነዳ አንድ መኪና የሚገድለው አንድ ቀበሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። ሾፌርዎ ቢጣደፍ ይናገሩት፤ ማፈር የለም።

3. መኪናውን መደበቂያ ያድርጉት። ሞተሩን ያጥፉና መስኮቱን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ይጠብቁ። ዓይንዎን የፍልፈል ጉድጓድ የበዛበትና አዲስ አፈር የተቆለለበት ቦታ ላይ ያኑሩ። ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በስተቀር የትም የለም፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብም እርሱ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ፍልፈሉ ብቅ ይላል፤ ቀበሮውም ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን ቀስ እያደረገ ይጠጋል። አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይጠብቁ አይለፉ። የርቀት መነጽር ካለዎት ከካሜራው የበለጠ ይጠቅምዎታል።

4. ከመኪና ወርደው አያባርሩ፤ ምግብም አይጣሉ። መኪና የለመደ ቀበሮ እንኳን ሰው ሲወርድ ይርቃል። ውሻም ይዘው አይምጡ፤ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

5. ከ4 ሰዓት በፊት ወደ ቱሉ ዲምቱ ይታጠፉ። ዋናው መንገድ ወደ ሐረና ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ወደ ጫፉ የሚወስድ መገንጠያ አለ። ከፍታው 4,377 ሜትር ሲሆን፣ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እዚያ የሚተነፍሱት አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ኦክስጅን 60 በመቶ ገደማ ብቻ አለው። ስለዚህ ከመኪና ቀስ ብለው ይውረዱ፤ አይሩጡ፤ ልጆችንም አያስሩጡ። ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆዩ።

6. ከ7 ሰዓት በፊት ወደ ሐረና መውረድ ይጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከደኑ ወደ አምባው ይወጣል። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛና ጠባብ ነው፤ በማርሽ ይውረዱ እንጂ ፍሬን ረግጠው አይቆዩ። በየመታጠፊያው ጥሩምባ ይንፉ።

ራስ ምታት ከጀመረ፦ ቀላል ከሆነ ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ከዚያ በላይ አይውጡ። ማስታወክ፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጠው ሳሉ የትንፋሽ መቆራረጥ ከታየ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወዲያውኑ መውረድ። ለጎባ ከቀረቡ ወደ ጎባ፣ ለሪራ ከቀረቡ ወደ ሪራ ይውረዱ፤ ከዚያ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይድረሱ። «ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል» የሚልን ሰው አይስሙት።

መኪናው ከቆመ፦ መኪናውን ትታችሁ በእግር ለመሄድ አትሞክሩ። ልብስ ደርቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ የሚያልፍ መኪና ጠብቁ። መንገዱ ጎባንና ደሎ መናን የሚያገናኝ ስለሆነ ቀን ቀን ተሽከርካሪ አይጠፋም።

ቀበሮ ካልታየ፦ አምባውን ወዲያና ወዲህ አያምሱት። በማግሥቱ ጠዋት በዚሁ መንገድ ስለሚመለሱ ሁለተኛ ዕድል አለዎት። የስድስት ቀኑ ዕቅድ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

## ደረጃ 5፦ ቀን አራት፣ ሐረና ደን

በሦስተኛው ቀን ምሽት የሚያድሩት ሪራ አካባቢ ነው። ማደሪያው ቀላል ስለሆነ፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ቢይዙ ይመረጣል። ድንኳን የሚተክሉት አስጎብኚው በሚያሳይዎት ቦታ ብቻ ነው፤ ደኑ ውስጥ አንበሳና ጅብ ስላለ በሌሊት ብቻዎን አይውጡ። በደረቁ ወቅት ሜዳ ላይ እሳት አያንድዱ፤ አስታው እንደ ጭድ ይያያዛል፣ ቃጠሎው ለቀናት ላይጠፋ ይችላል።

ንጋት ላይ ወደ ቀርከሃው በእግር ይግቡ። የባሌ ጦጣ ቀርከሃ ስለሚበላ የሚገኘው በዚያ ነው። በዛፎቹ ላይ የተሰቀሉትን የንብ ቀፎዎች ያያሉ፤ አይጠጉ፣ አይነቅንቁ። ማር ለመግዛት ባለቤቱን ወይም የመንደሩን ሰው ይጠይቁ። የጫካ ቡናው ከዚህ ዝቅ ብሎ ወደ ደሎ መና በሚወስደው አቅጣጫ ነው፤ እርሱን ለማየት ከፈለጉ ግማሽ ቀን ይጨምሩ።

ሰዎችን ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮሚኛ ተናጋሪና ሙስሊም ነው፤ በ«አካም» ሰላም ብለው በ«ገላቶማ» ቢያመሰግኑ በሮች ይከፈታሉ።

ከ4 ሰዓት በፊት ወደ ሳነቴ ይመለሱ፤ ትናንት ያመለጠዎትን ፈልገው፣ ከጉሙ በፊት አቋርጠው ሮቤ ይደሩ።

## ደረጃ 6፦ ቀን አምስት፣ ሶፍ ዑመር

ዋሻው ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። ከደጋው ወደ ቆላ ስለሚወርዱ ወፍራሙን ልብስ ሮቤ ይተዉት፤ ውኃውን ግን እጥፍ ያድርጉት።

ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ ነው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ይጸልዩ ከነበሩት ከሼክ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ዛሬም የተከበረ የአምልኮ ስፍራ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. መንደሩ እንደደረሱ ሽማግሌዎቹን ሰላም ይበሉ፣ ክፍያውን ይጠይቁ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ። ያለ እርሱ አንድ እርምጃ አይግቡ፤ ውስጡ መንታ መንገድ የበዛበት ነው።

2. ወንዙን ከላይ ሆነው ይመልከቱ። ውኃው ከደፈረሰ፣ እንጨትና ቅጠል እያንሳፈፈ ከሆነ ወይም በደጋው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አይግቡ። እዚህ ፀሐይ እያለ ባሌ ላይ የዘነበ ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። በዝናብ ወቅት ዋሻውን ከዕቅድዎ ያውጡት ያልኩት ለዚህ ነው።

3. የዓምዶቹን አዳራሽ ማየት ለብዙ ሰው ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስለሚጠይቅ፣ የሚዋኙና ጉልበት ያላቸው ብቻ በአስጎብኚው ፈቃድ ይቀጥሉ።

4. ስልክዎንና ደረሰኞችዎን በፕላስቲክ ይጠቅልሉ። አንዱ ባትሪ ቢጠፋ ወዲያውኑ መመለስ ይጀምሩ፤ ሁለተኛው ለመውጫ ነው።

5. የሌሊት ወፎቹ ላይ መብራት አያብሩ፤ ግድግዳ ላይ ስም አይጻፉ።

አስጎብኚው «ዛሬ አይሆንም» ካለ፦ ገንዘብ ጨምረው አያግባቡት። ከመግቢያው ሆነው ወንዙ የሚጠፋበትን አፍ ተመልክተው ይመለሱ።

ከዋሻው እስከ 9 ሰዓት ይውጡ፤ ሮቤ ሳይመሽ መግባት አለብዎት። ድሬ ሼክ ሁሴን የተባለውን የሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ በዚሁ ቀን ለመጨመር አይሞክሩ። ርቀቱ ለብቻው ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ በአረፋ ሰሞን ደግሞ ምዕመናን ስለሚጎርፉ ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ።

## ደረጃ 7፦ ቀን ስድስት፣ መልስ

ከሮቤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሡ፤ ነዳጁን በዋዜማው ይሙሉ። ሾፌሩ ለአምስት ቀን የተራራ መንገድ ስለነዳ፣ በየሁለት ሰዓቱ ያሳርፉት ወይም ይቀይሩት። ከሳነቴ የጀመረ ራስ ምታት ወይም ሳል አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ካልተወ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበሩ ይንገሩ። በዋሻው ወንዝ ውስጥ የቆየ ሰውም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም የቆዳ ማሳከክ ካየ፣ በወንዝ ውኃ ውስጥ መቆየቱን ለሐኪሙ ማስታወቅ አለበት።